‹‹በምን ሥራ ላይ ነበሩ?››፦ ከሠራዊት ሕይወት የሚመለሱ ወገኖችና የማይታየው የኬሚካል ጉዳት

የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች የሚገኙ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ መደበኛ ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም በትግራይ ክልል ሥራው በይፋ ሲጀመር አሠራሩም ታይቷል። ተዋጊው ትጥቁን ያስረክባል፣ ይመዘገባል፣ ሥልጠና ይወስዳል፣ መቋቋሚያ ይዞ ወደ ቀዬው ይሸኛል።

ስለ እነዚህ ወገኖች ጤና ሲነሳ ቀድመው የሚታሰቡት የጥይትና የፍንጣሪ ቁስል፣ የአካል መጉደልና የአእምሮ ጭንቀት ናቸው። ሁሉም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ጠባሳ የማይተው፣ በራጅም የማይታይ ሌላ ጉዳት አለ። እሱም በነዳጅ፣ በእርሳስ፣ በፈንጂ ቅመም፣ በጭስና በፀረ ተባይ መርዝ አማካኝነት ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት የሚገባው የኬሚካል ጉዳት ነው። ተዋጊው ወደ ቤቱ ሲገባ ይህን ጉዳት ይዞ እንደሆነ ማን ያውቃል? በየትኛውስ መዝገብ ላይ ተጽፏል?

ጥያቄው በተለይ ለእኛ ለቆቦና ለራያ ቆላ ነዋሪዎች ቅርብ ነው። ከወልዲያ ወደ መቀሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ቆቦን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም የነበረው ጦርነትም በዚሁ መንገድ አልፏል። በሌላ በኩል ቆላው በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት ነው። ከሠራዊት ሕይወት የተመለሰ ወጣት በአካባቢው ከሚያገኛቸው ሥራዎች አንዱ መርጫ ተሸክሞ ማሳ መርጨት ነው። እዚያ የጀመረው ተጋላጭነት እዚህ ይቀጥላል ማለት ነው።

የጦር ሰፈር የሥራ ቦታ ነው

ወታደር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ምሽግና ጠመንጃ ነው። ነገር ግን ሠራዊት ጋራዥ፣ የነዳጅ ማደያ፣ የባትሪ ክፍል፣ የጥይት መጋዘን፣ ወጥ ቤትና የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ አለው። አብዛኛው አባል ከሚተኩስበት ጊዜ ይልቅ የሚጠግንበት፣ የሚጭንበትና የሚያጸዳበት ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የምናያቸው የጤና አደጋዎች እዚህም አሉ።

የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። መሣሪያን በናፍጣ ማጽዳት፣ ግራሶ የነካውን እጅ በቤንዚን መታጠብ፣ ነዳጅን በላስቲክ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣት የተለመዱ ናቸው። በቤንዚን ውስጥ ‹ቤንዝን› የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በቆዳና በትንፋሽ ለዓመታት ሲገባ የደም ሴሎች የሚመረቱበትን መቅኔ ያዳክማል፤ ለደም ካንሰርም ያጋልጣል። በአፍ ሲሳብ የነዳጅ ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ከባድ የሳንባ ብግነት ያስከትላል።

ሁለተኛው እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ከአረሩና ከማቀጣጠያው ደቃቅ የእርሳስ ብናኝ ይወጣል። በዝግ የተኩስ ልምምድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የሚያሠለጥን፣ ቀለህ የሚሰበስብና የሚያቀልጥ፣ የመኪና ባትሪ የሚፈታ ሰው ብናኙን ይተነፍሳል፤ እጁን ሳይታጠብ ሲበላም ይውጠዋል። ምልክቶቹ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ መነጫነጭ፣ መርሳት፣ ሲብስም የእጅ አንጓ መዛል ናቸው።

ሦስተኛው የፈንጂ ቅመም ነው። ቲኤንቲ በቆዳ በኩል ይገባል። በማምረቻና በመጋዘን ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆዩ ሰዎችን ለደም ማነስ፣ ለጉበት ጉዳትና ለዓይን ሞራ ሊያጋልጥ ይችላል።

አራተኛው ጭስ ነው። ፕላስቲክ፣ ጎማና ባትሪ በአንድ ጉድጓድ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ ከሚይዛቸው ንጥረ ነገሮች መካከልም ካንሰር አምጪዎች ይገኙበታል። በድንኳን ወይም በምሽግ ውስጥ የሚነድ ከሰል፣ በር ላይ የሚሠራ ጄኔሬተር ደግሞ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

የእነዚህ ጉዳቶች አስቸጋሪነት የሌላ በሽታ መልክ መያዛቸው ነው። የቆየ ሳል ቲቢ፣ የሆድ ቁርጠት የትል በሽታ ወይም ታይፎይድ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና መርሳት ጭንቀት ይመስላሉ። የአክታው ምርመራ ከቲቢ ነፃ ሲሆን፣ የትሉ መድኃኒትም ሳያሽለው ሲቀር ታማሚው ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ይንከራተታል። መፍትሔውን የሚያሳየው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ‹‹በምን ሥራ ላይ ነበሩ?››

ታሪካችን የሚነግረን

የኬሚካል ጉዳት ለራያ እንግዳ አይደለም። ከቆቦ ተነስቶ፣ አላማጣን አልፎ የግራካሶን ጠመዝማዛ አቀበት የወጣ መንገደኛ ኮረምን፣ ቀጥሎም የአሸንጌን ሐይቅ ያገኛል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ከማይጨው ጦርነት በኋላ ያፈገፈገው የኢትዮጵያ ሠራዊት በዚህ በኩል ሲያልፍ የጣሊያን አውሮፕላኖች በአሸንጌ ዙሪያ ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ አወረዱበት። ከዚያ ሦስት ወራት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም፣ የራስ እምሩ ጦር ተከዜ አካባቢ ይኸው መርዝ ወርዶበት ነበር።

የሰናፍጭ ጋዝ ከስሙ በተቃራኒ በአብዛኛው እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ቆዳን ሲነካ ወዲያው አያምም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ይላጣል። በባዶ እግሩ የሚሄደው ዘማች የተበከለ ሣር ላይ ሲራመድ መመረዙን አያውቅም ነበር። ማርከሻ መድኃኒት ያኔም አልነበረም፤ ዛሬም የለም። የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልብስን አውልቆ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። ይህን የነገረው ግን አልነበረም።

ጣሊያን መርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ያጸደቀች አገር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቀርበው በደሉን ቢያሰሙም የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም ነው። ስድሳ ዓመት መሆኑ ነው።

ከሕክምና አንፃር ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። በኮረም የነበሩት የቀይ መስቀል ሐኪሞች፣ ስዊዘርላንዳዊው ማርሴል ዡኖን ጨምሮ፣ ያዩትን ጽፈው ባያቆዩ ኖሮ ክህደቱ የበለጠ ይቀል ነበር። ሆኖም የእነሱ ጽሑፍ ስለ ድርጊቱ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ዘማች አልነበረም። ከሰናፍጭ ጋዝ የተረፈ ሰው ለዓመታት በሥር የሰደደ ሳልና በዓይን ሕመም ሊሠቃይ እንደሚችል ሕክምና ያውቃል። አንድ አርበኛ ከአሥር ዓመት በኋላ ሳል ጠንቶበት ሐኪም ቤት ቢሄድ ‹‹መጋቢት 1928 አሸንጌ ዳር ነበር›› የሚል ወረቀት ከየት ያመጣ ነበር?

ከጦር መሣሪያው እስከ ሽንኩርት ማሳው

በአሸንጌ መርዝ በወረደበት በ1936 (እ.ኤ.አ) መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው ኬሚስት ገርሃርድ ሽራደር ነፍሳትን የሚገድል አዲስ ውህድ ሲፈልግ ታቡንን አገኘ። ታቡን ነርቭን የሚያጠቃ የጦር መሣሪያ ሆነ። የዚሁ ቤተሰብ አባላት የሆኑት፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ውህዶች ደግሞ በአነስተኛ ኃይል ለግብርና ዋሉ። ማላታይን፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ፕሮፌኖፎስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የኃይል ልዩነታቸው ሰፊ ቢሆንም በሰው ነርቭ ላይ የሚሠሩበት መንገድ አንድ ነው።

በ2013 ዓ.ም መግቢያ የበረሃ አንበጣ የራያን ማሽላና ጤፍ ሲወር ሰማይና ምድሩ በፀረ ተባይ ተረጭቶ ነበር። የመስኖ አትክልት ደግሞ ከዓመት ዓመት ይረጫል። በአካባቢያችን ይህን መርዝ ‹‹መድኃኒት›› ብለን እንጠራዋለን። ስሙ ራሱ ያዘናጋል። መድኃኒት ከሆነ አልጋ ሥር ቢቀመጥ፣ በእጅ ቢበጠበጥ፣ ለልጅ ቅማል ቢቀባ ምን አለበት እንላለን። ሁሉም ለሞት የሚያበቁ ልማዶች ናቸው።

በእነዚህ ውህዶች የተመረዘ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። በአንዳንዶቹ ውህዶች ክፉኛ የተመረዘ ሰው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ እግሩ ሊዝል ይችላል። የቆቦ ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ላብ ያራሰው ቆዳ መርዙን በቀላሉ ያስገባል፤ ሙቀቱን ሽሽት ጓንቱንና የአፍ መሸፈኛውን የሚያወልቀውም ብዙ ነው።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ለአምስት ዓመት የሠራዊት ከባድ መኪና አሽከርካሪና ጠጋኝ የነበረ፣ በነዳጅ የታጠበ፣ ከተቃጠለ ጎማ ጭስ አጠገብ ያደረ ወጣት ነው። ተሰናብቶ ቆቦ ሲመለስ በቀን ሥራ የሰው ማሳ ይረጫል። ከዓመት በኋላ ድካም፣ ራስ ምታትና የደም ማነስ ይዞት ይመጣል። ሐኪሙ የሚያየው የዛሬውን ማሳ ብቻ ከሆነ ግማሹን ታሪክ አላየም።

ሌሎች ምን ተማሩ?

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ካምፕ ሌጁን የተባለ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሰፈር ከ1953 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ) የመጠጥ ውሃው በማሟሟቻ ኬሚካሎች ተበክሎ ነበር። ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ጠጥተውታል። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ያገለገሉት ደግሞ ለወራት ከቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ አጠገብ ኖረዋል። የታመሙት ሕመማቸው ከአገልግሎታቸው የመጣ መሆኑን እንዲያስረዱ ለዓመታት ተጠይቀዋል። አንድ ካንሰር ከየትኛው ጭስ እንደመጣ ማስረዳት ደግሞ ለማንም የሚቻል አይደለም።

በነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ) የጸደቀው ሕግ አካሄዱን ለወጠው። በዝርዝር ለተቀመጡ በሽታዎች፣ ታማሚው በተጠቀሰው ቦታና ጊዜ ማገልገሉ ከተረጋገጠ በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ተቆጥሮ ሕክምናና ካሳ ያገኛል። የዚህ ሕግ መሠረት ‹‹የት፣ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ›› የሚለው መዝገብ ነው። መዝገቡ ባይኖር ሕጉም አይሠራም ነበር።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ሠራተኛው ስለ አደጋው እንዲያውቅ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ነገር ግን የመከላከያና የፖሊስ አባላት በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ በመሆናቸው ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም። በዓለም ላይም የተለመደ አሠራር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት ግን የሠራዊት አባላትን ያቅፋል፤ ከሥራ የሚመጣ በሽታንም በአገልግሎት ላይ እንደደረሰ ጉዳት ይቆጥረዋል። ጉዳቱ በሕክምና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጥይት ቁስል በራሱ ማስረጃ ነው። የእርሳስ ወይም የነዳጅ ጉዳት ግን መዝገብ ከሌለው ማስረጃ የለውም። የመደበኛው ሠራዊት አባል ያልነበሩ የቀድሞ ተዋጊዎች ደግሞ ይህ የጡረታ መንገድ የላቸውም። ስለዚህ የስንብት ወይም የተሃድሶ ምዝገባው ለብዙዎች የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዕድል ሊሆን ይችላል። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሦስት መስመር መጨመር በቂ ነው፤ ምን ሥራ ይሠሩ ነበር? ከየትኞቹ ኬሚካሎች ጋር? የትና ለምን ያህል ጊዜ? ለዚህ ላቦራቶሪም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቅጹ አንድ ቅጂ በባለቤቱ እጅ፣ ሌላው በአካባቢው ጤና ጣቢያ ቢቀመጥ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ሐኪም ይመራዋል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከሠራዊት ሕይወት ለተመለሱ፦ የሠሩበትን ቦታ፣ ዓመቱንና የሥራውን ዓይነት በደብተር ይጻፉ። መጻፍ ካልቻሉ ቤተሰብ ይጻፍልዎ። ለማንኛውም ሕመም ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ፣ ባይጠየቁም እንኳ፣ ‹‹ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር››፣ ‹‹ጥይት መጋዘን ነበርኩ›› ብለው ይናገሩ። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ የዓይን መደብዘዝ ካለ ሳይዘገዩ ይመርመሩ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። በጭስ የተጎዳ ሳንባ ሌላ ጭስ አይችልም።

በጋራዥና በጦር ሰፈር ለሚሠሩ፦ ነዳጅ በአፍ አይሳቡ፤ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ይጠቀሙ። እጅዎን በሳሙናና ውሃ እንጂ በቤንዚን አይታጠቡ። ከተኩስ ልምምድ በኋላ እጅዎንና ፊትዎን ሳይታጠቡ አይብሉ፣ አያጭሱ። የሥራ ልብስዎን ከልጆች ልብስ ጋር አያሳጥቡ። የሚነድ ከሰል መኝታ ክፍል ውስጥ አያሳድሩ።

ማሳ ለሚረጩ፦ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ነፋስን ከኋላዎ አድርገው ይርጩ። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ። ባዶ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩ፤ ከዚያ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት ይብሱት። መርዙን ከመኖሪያ ቤት ውጭ ቆልፈው ያስቀምጡ። ይህ ልጆችን ብቻ ሳይሆን ጭንቀት የበረታበትን የቤተሰብ አባልም ሕይወት ያተርፋል። ከጦርነት የተመለሰ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ተስፋ መቁረጥ የሚናገር ሰው ባለበት ቤት ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ ሰውዬውም ብቻውን ሳይተው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

አንድ ሰው ቢመረዝ፦ መጀመሪያ ከቦታው ያርቁት። ጓንት ከሌለዎ እጅዎን በፌስታል ሸፍነው ልብሱን ያውልቁ፤ ሰውነቱን በብዙ ውሃና ሳሙና ይጠቡ። ዓይኑን ከነካው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። እንዲያስመልስ አያድርጉ፤ ነዳጅ ከሆነ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት ያረክሳል የሚባለው እውነት አይደለም። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት። የመርዙን ጠርሙስ ወይም ጽሑፉን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ለኦርጋኖፎስፌት መመረዝ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ሥራው ግን በደቂቃ የሚለካ ነው።

ሜዳ ላይ ለተገኘ ጥይትና ቦምብ፦ አይንኩ፣ አይፍቱ፣ ለቁራሌው አይሽጡ። ቦታውን ምልክት አድርገው ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ያሳውቁ። ልጆችንም ደጋግመው ያስጠንቅቁ። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ፍንዳታው ነው፤ ባይፈነዳም በውስጡ ያለው ቅመም መርዝ ነው።

ለጤና ባለሙያዎች፦ በታማሚው ካርድ ላይ ‹‹ሥራ›› በሚለው ቦታ ‹‹ገበሬ›› ወይም ‹‹ወታደር›› ብሎ ማለፍ አይበቃም። የዛሬውንም የቀድሞውንም ሥራ በዝርዝር እንጠይቅ። ‹‹ከሥራ ሲያርፉ ይሻልዎታል? አብረውዎት ከሚሠሩት ሌላ የታመመ አለ?›› የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ብዙ ያሳያሉ። የሰማነውንም በካርዱ ላይ እንጻፍ። በታማሚው ላይ ያልታወቀው ነገር ዛሬ ባይታከም እንኳ፣ የተጻፈው ቃል ነገ ለሚያየው ሐኪምም ሆነ መብቱን ለሚጠይቀው ቤተሰብ ይደርሳል።